ከቶሮንቶ የመጣው የራስ ቁር

ግሌናርድ፣ ጎልዌይ
ማክሰኞ፣ ማርች 16 ቀን 1971

ለውድ ልጄ ለጃርላት፣

እንዴት ሰነበትክ? ብርዱ እንዴት ይዞሃል? እናትህ ደህና ናት፤ ላሞቹም ደህና ናቸው። ዝናቡ ግን ከገና ወዲህ አላባራም። የሃርሊንግ ዱላ የምጠርብበት እንጨት ሁሉ ረጥቦ ሥራ ፈትቼ ተቀምጫለሁ፤ ሥራ የፈታ ሰው ደግሞ ሐሳብ ያበዛል።

ወንድምህ ኤንዳ ዛሬ ጠዋት ወደ ደብሊን ሄደ። ነገ በቅዱስ ፓትሪክ ዕለት ኮናክታችን ለክፍለ ሀገሮቹ የሃርሊንግ ዋንጫ ፍጻሜ ከመንስተር ይጋጠማል፤ በረኛው እሱ ነው። ስንት ዘመን ያላየነው ዋንጫ፣ መንደሩ አብዷል። የሱቋ ኖራ እንኳ «ፌስተስ፣ ልጅህ ነገ አንድ ጎል ቢገባበት ዳቦ አልሸጥልህም» አለችኝ። ለወጉ ሳቅሁላት።

አሁን እውነቱን ልንገርህ። ለኤንዳ የላክህለት የራስ ቁር መንገድ ላይ ሳይጠፋ አልቀረም ብዬ ጽፌልህ ነበር። ዋሸሁህ። ከገና በፊት ደርሷል። እዚያ በረዶ ላይ የሚጫወቱት የሚደፉት፣ ቢጫ ነገር፤ ገና ሳየው አፈርኩ። አባቴም፣ እኔም፣ አንተም በባዶ ራሳችን ነው የተጫወትነው። «የፌስተስ ልጅ ድስት ደፍቶ መጣ» እንዳይሉት ብዬ ጎተራ ውስጥ ከጆንያ ሥር ደበቅሁት። እናትህ እስካሁን አታውቅም፤ በየሳምንቱ ፖስተኛውን ትጨቀጭቀዋለች።

የፈሩት ይደርሳል ይባላል፤ እኔ ግን የፈራሁት ሌላ፣ የደረሰው ሌላ። በፌብሩዋሪ ለግማሽ ፍጻሜ ከሌንስተር ጋር ስንጫወት የአንዱ ዱላ ኤንዳን ከጆሮው በላይ አገኘው። ወደቀ፤ ውሃ አፈሰሱበት፤ ተነሥቶ ጨረሰ። አሸነፍንና በትከሻ ተሸከምነው። ከዚያ ወዲህ በር ሲያልፍ ከመቃኑ ጋር ይጋጫል። ሻይ ሲቀዳ ከኩባያው ጎን ያፈሳል። እያየሁ ዝም አልኩ።

እሁድ ላለማምደው ወደ ግቢው ወጣን። ኳስ ወረወርኩለት፤ ሳተ። ደግሜ ወረወርኩ፤ ሳተ። እየሳቀ «አባዬ፣ አንድ በአንድ ወርውርልኝ እንጂ፤ ሁለቱን ባንዴ ማን ይይዛል?» አለኝ።

የወረወርኩት አንዲት ኳስ ብቻ ነው።

ሄጄ ቁሩን ከጆንያው ሥር አወጣሁና ሰጠሁት። አገላብጦ አየው።

«መቼ መጣ?»

«ከገና በፊት።»

መልሶ ሰጠኝ። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ፣ አባዬ። አሁን ደፍቼው ብወጣ አሰልጣኙ ‹ምን ሆነህ ነው?› ይለኛል፤ መታመሜን ያውቅና ያስቀምጠኛል። ለእማዬም ለማንም ትንፍሽ እንዳትል። ማልልኝ።»

ማልኩለት። ቁሩን ደብቄበት ኖሬ እንቢ የምልበት አፍ ከየት ይምጣ?

ትናንት መሐላዬን ላፈርስ ከፖስታ ቤቱ ስልክ ለአሰልጣኙ ለባርትሊ ደወልኩ። «ፌስተስ፣ ያ ልጅህ ባይኖር ምን ይውጠን ነበር? ለመሆኑ ደህና ነው?» አለኝ። በገዛ አፉ ጠየቀኝ፣ ጃርላት። «ደህና ነው» አልኩና ዘጋሁ። ምላሴ ይቆረጥ።

እስከ ነገ ቀትር ድረስ አሁንም መደወል ይቻላል። ይህን እየጻፍኩ ኮቴን ሁለቴ ለበስኩ፤ ሁለቴ አወለቅሁ።

እናትህ ከጓዳ ሆና «ቁሩ መንገድ ላይ ቢጠፋም ኤንዳ አሳቢ ወንድም ስላለው ደስ ብሎኛል በልልኝ» ትላለች። ይኸው ብዬልሃለሁ።

ቅዱስ ፓትሪክ ካንተ አይለይ፤ በሰው አገር ክፉ አይንካህ። ዘግይቶም ቢሆን ለወንድምህ ጸልይለት። ምናልባት ስለ እሱ ቴሌግራም ይህን ደብዳቤ ቀድሞ ከደረሰህ ግን፣ ለእናትህ ስለ ቁሩ ምንም አትጻፍላት። እኔው ልንገራት።

አባትህ፣
ፌስተስ