የወ/ሮ ጤናዬ አንለይ ትንፋሽና ናፍቆት

ወ/ሮ ጤናዬ አንለይ ከአባታቸው ከአቶ አንለይ ገበየሁ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ሰንበቴ ይመር በቀድሞው ወሎ ክፍለ ሀገር፣ በዋድላ ደላንታ አውራጃ፣ በጥቅምት ወር 1951 ዓ.ም. ተወለዱ። ለወላጆቻቸው የመጀመሪያም የመጨረሻም ልጅ ነበሩና ተሞላቀው አደጉ ቢባል ሐሰት አይደለም። ራሳቸውም «እኔን እኮ እናቴ ውሃ አላስቀዳችኝም» እያሉ ይኩራሩ ነበር። ዘመናዊ ትምህርት ቤት አልገቡም፤ ፊደል የቆጠሩት በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ድምፃቸው ግን ገና በልጅነታቸው የታወቀ ነበር። ጤናዬ ያላዜመችበት ሠርግ ሠርግ አይባልም ይሉ ነበር የአገራቸው ሰዎች።

በ1970 ዓ.ም. ከአቶ በቃሉ ደምሌ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋቡ። አቶ በቃሉ ዝምተኛ ገበሬ ነበሩ። ሚስታቸው ሲያንጎራጉሩ ሲሰሙ ግን ሞፈራቸውን አቁመው «እስቲ እሷን ድገሚያት» ይሉ ነበር፤ በሬዎቹም ያርፉ ነበር። ወ/ሮ ጤናዬ ይህን ሲያወሩ ሁልጊዜ ይስቁ ነበር።

በ1977 ዓ.ም. ድርቁ ሲጠና ባልና ሚስቱ ቤታቸውን ዘግተው እርዳታ ወደሚሰጥበት መጠለያ ወረዱ። በታኅሣሥ ወር ለሰፈራ ተመዝግበው ተራ ሲጠብቁ፣ አቶ በቃሉ ለመንገድ የሚሆን ውሃ ሊቀዱ ሄዱ። መኪናው ግን ውሃ የሄደ ሰው አይጠብቅም። ወ/ሮ ጤናዬ ነፍሰ ጡር ሆነው ከሰው ጋር ተገፍተው ተጫኑ። «ኧረ ባሌ ውሃ ሄዶ ነው!» ብለው ቢጮኹ «በሚቀጥለው መኪና ይመጣል፣ አይዞሽ» ተባሉ። የሚቀጥለው መኪና መጣ፤ ከእሱ ኋላ ያለውም መጣ። አቶ በቃሉ አልመጡም።

አሶሳ አካባቢ በተሠራው የሰፈራ መንደር የቀርከሃ ጎጆ ተሰጣቸው። በግንቦት ወር ልጃቸውን ብርሃነሽን ተገላገሉ። ከዚያ በኋላ ደረታቸው እምቢ አላቸው። ትንፋሻቸው ጉሮሯቸው ላይ ቆሞ አልወርድ ይላል። ክሊኒክ ሄደው ተመረመሩ፤ በሽታ የለብሽም ተባሉ። ያ በሰርግ ቤት የሚናፈቅ ድምፅ ጠፋ። አንዲት ዘለላ እንባም አላፈሰሱም፤ ሆድ ይፍጀው ብለው ተቀመጡ። የመንደሩ ሽማግሌዎች አዝነውላቸው «እርምሽን አውጪ፣ ተዝካሩን ደግሺ፣ ገና ልጅ ነሽ፣ ሌላ ባል አግቢ» ቢሏቸው «ያልሞተ ሰው እርም አይወጣም» ብለው ቁጭ አሉ። ባለቅሳ ገደልኩት ማለት ነው ብለው ያምኑ ነበርና።

በ1978 ዓ.ም. አሶሳ ከተማ ውስጥ ሒሳብ ለሚያስተምሩ ኡሻ ለተባሉ ህንዳዊት መምህርት ልብስ ለማጠብ ተቀጠሩ። መምህርት ኡሻ ማለዳ ማለዳ ወለል ላይ ቁጭ ብለው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ሲተነፍሱ ያይዋቸዋል። መጀመሪያ ዛር ያለባቸው መስሏቸው ሦስት ጊዜ አማትበው ነበር። አንድ ቀን መምህርቷ ጠሯቸውና እጃቸውን በወ/ሮ ጤናዬ ደረት ላይ አድርገው በተሰባበረ አማርኛ «ጤናዬ፣ አንተ ትንፋሽ እዚህ ቆመ። ሆድ ድረስ አውርድ። ቀስ በል» አሏቸው። ወ/ሮ ጤናዬ ቀስ አሉ። ትንፋሻቸው ከዚያ ከመኪናው ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሆዳቸው ደረሰ። የዮጋ ነገር በዚህ ተጀመረ።

ትምህርቱን እንደ ተማሩት አልተዉትም፤ የራሳቸው አደረጉት። ቀጥ ብሎ መቆሙን «አምባ» አሉት። ጎንበስ ብሎ እጅና እግር መሬት መትከሉን «ውሻ ሲንጠራራ» ብለው መምህርቷን አሳቋቸው፤ ለካ በህንዱም ስሙ ውሻ ኖሯል። የበርታዋ ጓደኛቸው ኢንዓም የቀርከሃ ምንጣፍ ሠርታ አመጣችላቸውና «ወላሂ ጤናዬ፣ እኛ ለሶላት እንሰግዳለን፣ አንተ ለምን ትሰግዳለህ?» ብላ በበርታ አፏ ጠየቀቻቸው። «ለመተንፈስ» አሏት። ቄሱም ሰምተው ጠርተዋቸው ነበር። የጣዖት ስም ትጠሪያለሽ ወይ ሲሏቸው «አባ፣ ትንፋሼን ነው የምከተል» ብለው መለሱ። «እሱንማ የሰጠሽ እግዚአብሔር ነው» ብለው አሰናበቷቸው። የመንደሩ ሊቀመንበር ብቻ በስብሰባ ላይ «ሰፋሪ ጠዋት ጠዋት እግሩን ሰቅሎ ምርት አያድግም» ብለው አስቀዋል።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም እንዲሉ፣ በ1979 ዓ.ም. ክረምት የሆነው ነገር እስከ ዛሬ በመንደሩ ይወራል። ወ/ሮ ጤናዬ እንደ ልማዳቸው ልምምዱን ሲጨርሱ በጀርባቸው ተንጋለው፣ መዳፋቸውን ወደ ላይ አድርገው፣ ዝንቡ አላስቀምጥ ቢላቸው ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣል አድርገው ጸጥ እንዳሉ ሸለብ አድርጓቸዋል። ጎረቤታቸው ወ/ሮ ብዙወርቅ እሳት ሊጭሩ ብቅ አሉ። ቢጠሩ መልስ የለም። ያን ጊዜ ወባ በየጎጆው ሰው የሚወስድበት ወቅት ነውና ገልጦ ማየት ማን ትዝ ይለዋል! ወ/ሮ ብዙወርቅ እሪ አሉ። ሴቱ ደረቱን እየመታ ገባ፣ ወንዱ ዶማና አካፋ ይዞ ወደ ቤተ ክርስቲያን ነጎደ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ቢባልም፣ ወ/ሮ ጤናዬ የራሳቸውን ሙሾ በገዛ ጆሯቸው ሰሙ።

ባሏን ስትጠብቅ ከበር ላይ ተቀምጣ፣
እሱ ሳይመጣላት ሞት ቀድሞባት መጣ።

ይህን ሲሰሙ ብድግ ብለው ተቀመጡ። ለቅሶኛው ተረጋግጦ ወጣ፤ ወ/ሮ ብዙወርቅ አጥሩን ይዘውት ወደቁ። ሰው ተመልሶ ሲገባ ግን ወ/ሮ ጤናዬ እያለቀሱ ነበር። ስቅስቅ ብለው፣ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ያጠራቀሙትን ሁሉ አለቀሱት። ወ/ሮ ብዙወርቅ ደንግጠው «እርሟን አወጣች ማለት ነው?» ቢሉ ወ/ሮ ጤናዬ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እርም አይደለም። ናፈቀኝ፤ ሰው እኮ በሕይወት ላለ ሰውም ያለቅሳል» አሉ። ያቺን ቀን የማያውቁትን ነገር አወቁ። ማልቀስ መግደል አይደለም፤ እያለቀሱም ይጠበቃል።

ድምፃቸው የተመለሰው ከዚያ ወዲህ ነው። ማለዳ በደጃቸው ካለው ማንጎ ሥር የሰፈሩን ሴቶች ሰብስበው ያስተነፍሳሉ፤ ማጭድ ያጎበጠውን ወገብ ያቃናሉ። እንቅስቃሴውን በእንጉርጉሮ ያዋሕዱት ነበርና ማን ዮጋ እንደሚሠራ፣ ማን ትዝታ እንደሚያወርድ አይለይም። ግጥሙ ሁሉ የራሳቸው ነው። ሴቶቹ አብዝተው የሚወዱት ይህን ነበር፦

ትንፋሼን ስስበው ካገሬ እደርሳለሁ፣
መልሼ ስለቀው አሶሳ ላይ አለሁ።

በ1984 ዓ.ም. መንገዱ ሲከፈት ልጃቸውን ይዘው ደላንታ ሄዱ። የአቶ በቃሉን መቃብር አየሁ የሚል ሰው አልተገኘም። በሕይወት አየሁ የሚልም አልተገኘም። ወደ መተከል ተጭኗል ያሏቸው ነበሩና ፓዌም፣ ቡለንም ዘልቀው ጠየቁ። ባዶ እጃቸውን ወደ አሶሳ ተመለሱ። ለጋብቻ የጠየቋቸው ደኅና ደኅና ሰዎች ነበሩ፤ ሁሉንም «ባለ ትዳር ነኝ» ብለው በአክብሮት መለሱ። ጥቁር አንድ ቀን እንኳ ለባላቸው አልለበሱም። ማንጎና በቆሎ እየነገዱ ልጃቸውን አስተምረው ለነርስነት አበቁ።

ባለፈው ዓመት በልብ ድካም ታመው በአሶሳና በአዲስ አበባ ሲታከሙ ቆዩ። ሐኪሞቹ ኦክስጅን ሲያደርጉላቸው «እኔን ነው መተንፈስ የምታስተምሩ?» ብለው ቀልደዋል። በየካቲት 11 ቀን 2016 ዓ.ም. ማለዳ፣ በቤታቸው፣ ልጃቸው እጃቸውን እንደያዘች፣ በስልሳ አምስት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም አረፉ። ልጃቸው ወ/ሮ ብርሃነሽ ነጠላቸውን ደጋግማ ገልጣ ካየች በኋላ ነው ጎረቤት የጠራችው።

ይህ ጽሑፍ ሲዘጋጅ የእድሩ ሽማግሌዎች አቶ በቃሉን «ሟች ባለቤታቸው» ብሎ መጻፍ ይገባል አሉ። ይህን ያህል ዘመን የጠፋ ሰው፣ ቢኖርም ዕድሜው የገፋ ነው ሲሉ እውነታቸውን ነው። ቤተሰቡ መክሮበት እንቢ ብሏል፤ እሳቸው ያልጻፉትን ሞት እኛ በቀብራቸው ቀን አንጽፍም ብሏል። ስለዚህ ወ/ሮ ጤናዬ አንለይ የአንዲት ሴት ልጅ እናት፣ የሦስት የልጅ ልጆች አያት እና ባለ ትዳር ነበሩ።

አምላክ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ አጠገብ ያኑርልን። ለልጃቸው፣ ለልጅ ልጆቻቸው፣ ከማንጎው ሥር አብረዋቸው ለተነፈሱ ሴቶች ሁሉ፣ እንዲሁም ለባለቤታቸው ለአቶ በቃሉ ደምሌ፣ ካሉበት ቦታ፣ መጽናናቱን ይስጥልን።