በራሴ ላይ የገፋሁት ድንበር

ጥር 13 ቀን 97፣ ጠዋት

ዛሬም የገብስ ቆሎ። ጥርሴ አራት፣ ቆሎው እፍኝ ሙሉ፤ ጦርነቱ እስከ ረፋድ ይዘልቃል። ደብተር ሆይ፣ ባንተ ካላሾፍኩ በማን ላሹፍ? የልጅ ልጄ ለትምህርት ሰቆጣ ስትገባ ግማሽህን ጂኦግራፊ ሞልታ ትታህ ሄደች። ግማሽህ የዓለም ወንዞች፣ ግማሽህ የእኔ ልፍለፋ።

የቀበሌው ሊ/መንበር በደጄ አለፈ። ቦርሳ አንግቷል፤ ባዶ ይመስለኛል። ከብዶህ እንደሆነ ላግዝህ አልኩት። አልሳቀም። መሬት ለክተው ለየሰዉ አረንጓዴ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ሊሰጡ ነው። የእኛ ጎጥ ተራ ጥር 18። ድንበርተኛ ለድንበርተኛ ይመሰክራል። አንዴ ከተጻፈ ወዲያ መነቅነቅ የለም።

ሳቄ እዚያው ቀረ።

ጥር 14

ያልነገርኩህ ነገር አለ። ለሰውም አልተናገርኩት።

አሥራ ሁለት ዓመት ሆነው። ድንበርተኛዬ ሞላ የልብ ወዳጄ ነበር። ቅንነቱን ማውራት ይወዳል፤ የሰው ማሳ በእግሬም አልረግጥ ይላል። እስቲ ልፈትነው አልኩ። የድንበሩን ድንጋይ ነቅዬ አምስት እርምጃ ወደ እኔ ማሳ አስገባሁት። ሰው ሁሉ ወደ ጎረቤቱ ይገፋል፤ እኔ በራሴ ላይ ገፋሁ። ጠዋት መጥቶ፣ አንተ ደሳለ፣ ድንጋይህ እግር አውጥቷል ይለኛል፣ እንስቃለን ብዬ።

አልመጣም። ሳምንት። ወር። ሚስቴ ብርቄ፣ ነፍሷን ይማርና፣ መልሰው፣ ድንበር መጫወቻ አይደለም አለች። እልህ ያዘኝ። በሆዴ ሌባ አልኩት። ዛሬ ሰላምታችን ራስ መነቅነቅ ብቻ። ብርቄ ስትሞት መጣ፤ ተቀመጠ፤ ሄደ።

ያ ማሳ ለልጅ ልጄ የማወርሳት ነው። በ18 እንዳለ ከተጻፈ፣ አምስቱ እርምጃ የሞላ ሆኖ ቀረ።

ጥር 15፣ እሑድ

ከቅዳሴ በኋላ ቄሱ ገዘቱ። በልኬቱ የዋሸ፣ ድንበር የገፋ፣ እስኪናዘዝ የተወገዘ ይሁን። ሕዝቡ አሜን አለ። እኔም አሜን፤ ትንሽ ዘግይቼ።

ሲወጡ ጠበቅኋቸው። አባ፣ በራሱ ላይ የገፋስ? ያሾፍኩባቸው መሰላቸው፤ ተቆጡ። ዕድሜ ልኬን ቀልጄ፣ ዛሬ እውነት ይዤ ብሄድ የሚያምነኝ ጠፋ። ምዬ አስረዳኋቸው። የሰውን ልብ መፈተን የእግዜር ሥራ ነው፣ አንተ ማን ሆነህ ነው አሉኝ። ወደ ቤቴ ሄድኩ። ምሳም አልበላሁ።

ጥር 16

ወደ ሞላ ቤት ወጣሁ። ከቁልቋል አጥሩ ደርሼ ተመለስኩ። ምን እላለሁ? መሬቴን መልስ ነው ወይስ ይቅር በለኝ?

በመንገዴ ያቺን የአምስት እርምጃ ቁራጭ አየኋት። ሣር ናት፤ ሁሌም ሣር። ሰነፍ ነው፣ የያዘውን እንኳ አያርስም እያልኩ በየዝክሩ ሰው አስቄበታለሁ። ሣሯን እያጨድኩ ለላሜ እሰጣለሁ። የሰረቀኝን ሰረቅሁ ብዬ።

ጥር 18፣ ከሰዓት

መጡ። ሊ/መንበሩ፣ ሁለት የኮሚቴ ሰዎች፣ ገመድ፣ የጎጡ ሰው በሙሉ። ድንጋዩ ጋ ሲደርሱ ከፊታቸው ቆምኩ። ተናገርኩ። ቦታው ይህ አይደለም፣ የነቀልኩት እኔ ነኝ፣ ወደ ራሴ።

ሳቁ። እንባቸው እስኪወርድ። እንዲህ አስቄ አላውቅም፤ እንዲህም ከፍቶኝ አያውቅ። ሊ/መንበሩ ብቻ አልሳቀም። አባባ፣ በራሱ ላይ የሚገፋ ሰው በዚህ አገር አልተወለደም፣ የሰው መሬት ተመኝተው ነው አለኝ። ምስክር አምጣ ተባልኩ። ምስክሬ ብርቄ፤ እሷ ከመቃብር አትነሳ።

ሞላን ጠየቁት። በዱላው መሬቱን ይወጋጋል። ውሸቱን ነው ቢል ቁራጯ የሱ ናት።

"እውነቱን ነው" አለ።

ለካ ድንጋዩን በነቀልኩ ማግሥት አውቋል። ያን ዕለት ጭቃ ነበር፤ የእኔን እግር ዱካ፣ ተረከዙ የሚጎተተውን፣ ድንጋዩ ሥር አገኘው። አንድ ፈር አላረሰባትም። ሣር የሆነችው ለዚህ ነው።

ታዲያ ለምን ዝም አልከኝ አልኩት።

"መጥተህ ትስቃለህ ብዬ ስጠብቅ።" ከዚያ በኽምጣኛ፣ በአገራችን አገውኛ፣ አንድ ስድብ ጨመረልኝ። እዚህ አልጽፈውም፤ አማርኛ አይሸከመውም።

ድንጋዩን መለሱት። ተጻፈ። ሞላ ወደ ቤቱ ሄደ። ዞሮ አላየኝም።

ያው ቀን፣ ፀሐይ ስትጠልቅ

መሬቱ ተመለሰ። ደስታው የት እንደገባ እንጃ። እኔ ሰነፍ ስለው፣ ሰው ሲስቅበት፣ አሥራ ሁለት ክረምት ዝም። እኔ በዚህ ጎጆ ብቻዬን፣ እሱ በዚያ፤ መሀላችን አምስት እርምጃ ሣር።

ወሰንኩ። ነገ ጠዋት፣ ቆሎውን ሳልነካ፣ እሄዳለሁ። ካሣ አልልም፣ ይቅርታም መጀመሪያ አይደለም። ደጁ ላይ ቆሜ እስቃለሁ። ካልከፈተልኝ እስኪከፍት እስቃለሁ። ጥርሴ አራት ነው፤ ለዚህ ይበቃል።