ሮም፣ ጋሪውን ደጅ ትቼ

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 9

ልጄ ቪቱስ እንደ አገራችን ልማድ ጓሮ ውስጥ፣ የሕፃን ጋሪው ላይ፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ ተኛ። አራት ዲግሪ፣ ካፊያም ነበር። አፍንጫው ብቻ ቀልቶ ጉንጩ ይሞቃል። እኔ ወጥ ቤት ሆኜ በመስኮት እያየሁት ልብስ አጠፍኩ። ስምንት ወር ሞላው... ዛሬም ሲያስነጥስ እደነግጣለሁ።

ከሰዓት የባለቤቴ እናት መጣች፣ ቦዲል። ሠላሳ ስምንት ዓመት ቤት ለቤት እየዞረች አራስና ሕፃን ስትጎበኝ የኖረች ነርስ ናት። ጡረታ ከወጣች አምስት ዓመቷ፤ ዓይኗ ግን ጡረታ አልወጣም። ኮቷን ሳታወልቅ ብርድ ልብሱን ገልጣ እጇን ማጅራቱ ሥር ሰደደች። ሙቀቱን ለካች። ምንም አላለች። እኔን የሚገድለኝ ይኼ ምንም አለማለቷ ነው!

ልትወጣ ስትል፣ "ታዲያ ዲተ፣ አሰብሽበት?" አለችኝ።

ኖቬምበር 3 ሥራ እመለሳለሁ። የሕፃናት ማቆያው ለቪቱስ ቦታ የሚሰጠን በጃንዋሪ ነው። ሁለቱን ወር እኔ ልያዘው ብላለች። ባለቤቴ ትሮልስ "ከእናቴ የተሻለ ከየት ልናመጣ ነው?" ይላል። ልጇ ነው፣ እሱ ምን አለበት? በየቀኑ ቤቴ ገብታ የገንፎውን ውፍረት፣ የጥፍሩን ርዝመት ስታይ... ስንት ጥፋት ታገኝብኝ ይሆን? እናትነት እንደማይሆንልኝ በሁለት ቀን ታውቀው የለ?

"ከሮም ስንመለስ እነግርሻለሁ" አልኳት። ፈሪ ነኝ።

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 11

ሻንጣ። ቦዲል ሰባኛ ዓመቷን ሮም ማክበር አምሯታል፤ የትልቋ ልጄ የአስታ ትምህርት ቤትም የተዘጋበት ሳምንት ስለሆነ አምስታችንም ሰኞ እንበራለን። ቦዲል ሦስት ጥቁር ዳቦ በፎጣ ጠቅልላ አመጣች።

"እማዬ፣ የምንሄደው ጣልያን ነው እኮ። ምግብ አላቸው" አለ ትሮልስ።

"ምግብማ አላቸው። ዳቦ ነው የሌላቸው።"

የኔን ካልሲ አውጥቶ ለዳቦው ቦታ ሰጠው። የእናቱ ልጅ!

ሰኞ፣ ኦክቶበር 13

ሮም። ሃያ አራት ዲግሪ! ያረፍንበት ቤት አራተኛ ፎቅ ነው፣ አሳንሰር የለውም። ትሮልስ ጋሪውን ተሸክሞ ሦስተኛው ላይ ደርሶ ተቀመጠና "እኔን እዚሁ ቅበሩኝ" አለ። አስታ ድመት ትቆጥራለች፤ እስካሁን አሥራ አንድ። ስድስት ዓመቷ ነው፣ ሮም ለሷ የድመት ከተማ ናት።

መንገድ ላይ አሮጊት ሁሉ ያስቆመናል። ቪቱስ ካልሲ አላደረገም ብለው! እግሩን በመዳፋቸው ጨብጠው እኔን ይቆጣሉ። ቋንቋቸው አይገባኝም፤ ቁጣቸው ግን ገብቶኛል። ቦዲል አጠገቤ ቆማ ታያለች። በሆዷ "እውነታቸውን ነው" ትል ይሆን?

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 14

ኮሎሲየም፣ ያ የፈራረሰ ጥንታዊ ስታዲየም። ሰልፉ አያልቅም። አስታ አስጎብኚውን "ሲፈርስ ለምን ቶሎ አልጠገናችሁትም?" አለችው፤ ይቅርታ ጠየቃት። ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ ቪቱስን አጠባሁ። ቦዲል ሰዓቷን አየች። ለምን አየች?? ቸኮልኩ? ዘገየሁ?

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 15

የዛሬውን ሳልጽፍ አልተኛም። ልጻፈው፣ ይውጣልኝ።

ጠዋት ትልቁን የአደባባይ ፏፏቴ አይተን ከጀርባው ባለች ቀጭን መንገድ ትንሽ ካፌ አገኘን። ቪቱስ ጋሪው ላይ ተኝቷል። እንደ ሁልጊዜዬ ጋሪውን ከመስኮቱ ሥር አስጠጋሁ፣ ፍሬኑን ረገጥኩ፣ ጥላውን አወረድኩለት። ገባን። ሐሳብ እንኳ አልመጣብኝም። እኛ ጋ ካፌ ደጅ አምስት ስድስት ጋሪ ተደርድሮ ሕፃናቱ ሲያንኮራፉ ማን ዞሮ ያያል? የተኛ ልጅ ይዞ የገባ ሰው ነው የሚገርመን።

ትሮልስ አስታን ሽንት ቤት ወሰዳት። እኔና ቦዲል ኬክ ልንመርጥ ተነሳን። ስንት ደቂቃ ቢሆን ነው? ሦስት? ዞር ብዬ በመስኮት ሳይ...

ጋሪው የለም።

እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም። ወንበር ጥያለሁ አሉ። ጮህኩ መሰለኝ። ቀኝ ሰው፣ ግራ ሰው። አለቀ፣ ተወሰደ፣ ልጄን በሦስት ደቂቃ አጣሁት፤ ይኼን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ አሰብኩ።

ሁለት ደጃፍ አለፍ ብሎ፣ መድኃኒት ቤት በር ላይ ሰው ተሰብስቧል። መሐል ላይ ጋሪው! አረንጓዴ ሹራብ የለበሰች አሮጊት እጀታውን በሁለት እጇ ይዛ ትጮሃለች። ሁለት ፖሊሶች አሉ። ቪቱስ... ተኝቷል! አልነቃም እንኳ። ጋሪውን ይዤ ቆምኩ።

ወጣቱ ፖሊስ በእንግሊዝኛ፣ "እኚህ እናት የተጣለ ሕፃን አገኘሁ ብለው ከመንገዱ ጫፍ ጠሩን። ደጅ የተወው ማን ነው?" አለ።

ጥላውን ገልጬ የቪቱስን ትንፋሽ አዳመጥኩ።

"እኔ ነኝ።"

ከኋላዬ ቦዲል ናት። በዚያ በተሰባበረ እንግሊዝኛዋ፣ "አያቱ ነኝ። እናቱ ኬክ ስትገዛ እኔ ነኝ ያቆምኩት። በአገራችን ልጅ ደጅ ነው የሚተኛው። እዚህ እንደማይደረግ ማወቅ ነበረብኝ። ጥፋቱ የኔ ነው" አለችው።

ፖሊሱ ፓስፖርቷን አየ፣ ስሟን ጻፈ፣ አስጠነቀቃት። አሮጊቷ ግን አልጨረሰችም። ጣቷን ቦዲል አፍንጫ ሥር እየነቀነቀች ወቀሳ ታወርድባት ጀመር። ዕድሜ ልኳን እናቶችን ስትመክር የኖረች ሴት አንገቷን ደፍታ ሰማች! ሲበቃት አሮጊቷ ቪቱስን ግንባሩን፣ ቦዲልን ጉንጯን ስማ ሄደች።

ትሮልስ አስታን አይስክሬም ሊገዛላት ሄደ። እኔና ቦዲል አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። እግሬ ጋሪው ጎማ ላይ ነው፣ አላነሳውም።

"ለምን ዋሸሽ?" አልኳት።

"ፊትሽን አይቼው ነዋ። ያንን ፊት አውቀዋለሁ።" ቀጥላ፣ "ትሮልስ አምስት ወሩ ነበር። ዳቦ ቤት ደጅ አቆምኩት። ዳቦዬን ገዛሁ፣ ቤቴ ሄድኩ። ቁጭ ብዬ ቅቤ ቀባሁ። ሁለተኛውን ቁራሽ ስገምጥ ነው ትዝ ያለኝ" አለች።

"ምኑ?"

"ልጄ ነዋ!"

ሳቅኩ። ሳቅ ብዬ ጀምሬው ለቅሶ ሆነ።

"ነርስ ሆኜ እኮ ነው፣ ዲተ! በአንድ እግር ነጠላ ጫማ ሮጥኩ። እንደተኛ አገኘሁት። በዚያው ሳምንት አንዷን እናት የመታጠቢያው ውኃ በረደ ብዬ ተቆጥቻት ነበር። ይኸው እስከ ዛሬ ለማንም ትንፍሽ አላልኩም።"

"ትናንት ሳጠባ ሰዓትሽን ያየሽውስ?"

"የደም ግፊት ኪኒኔ ደርሶ ነዋ! ምን መስሎሽ ነበር?"

ምን እንደመሰለኝ ነገርኳት። ሁሉንም። ማጅራቱን ስትነካ፣ ዝም ስትል... አፏን ይዛ ሰማችኝ።

"እኔ ደግሞ" አለች፣ "መልስ የከለከልሽኝ አርጅታለች፣ ትጥልብኛለች ብለሽ መስሎኝ... እንቅልፍ አልነበረኝም።"

ሁለት ጅሎች። ስንፈራራ ከረምን!

"ኖቬምበር 3 ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ድረሺ" አልኳት። እጄን ጨብጣ አልለቅ አለች። እፎይ... እንዲህ ከተነፈስኩ ስንት ጊዜዬ?

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 16

የቦዲል ልደት። አስታ እንደ ልደት ልማዳችን ትንንሽ የወረቀት ባንዲራዎቻችንን ፒዛው ላይ ሰካች፤ አስተናጋጁ ፒዛው የተማረከ መሰለው። ቦዲል ወይን ቀምሳ የዳቦ ቤቱን ታሪክ ለትሮልስ ነገረችው። ትሮልስ ማኘኩን አቆመ።

"ዳቦው ቢያንስ ትኩስ ነበር?" አለ።

ቦዲል እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። እንዲህ ስትስቅ አይቻት አላውቅም።

ዓርብ፣ ኦክቶበር 17

ቤት። ዘጠኝ ዲግሪ። ቪቱስ ጓሮ ተኝቷል። የአስታ የድመት ቆጠራ ሠላሳ አራት ላይ ቆመ።

ሰኞ፣ ኖቬምበር 3

ሥራ ተመለስኩ። የምሠራበት ቤተ መጻሕፍት እንዳለ ነው፤ የኮምፒውተሬን የይለፍ ቃል ግን ረስቼዋለሁ። ቤት አልደወልኩም። ሁለቴ ስልኩን አንስቼ መለስኩት፣ ግን አልደወልኩም።

አሥር ሰዓት ላይ ስገባ ቦዲል ቪቱስን ታቅፋ ኮሪደሩ ላይ ቆማለች። ፊቷ አመድ መስሏል።

"ወደቀ" አለች። "ከሶፋው። ፎጣ ላነሳ ዞር ስል... ሐኪም ጋ ደውያለሁ፣ ደኅና ነው ብለውኛል። ልደብቅሽ አስቤ ነበር። ፀጉሩን ወደፊት ላበጥርለት ሞከርኩ፣ ግን ፀጉር የለውም።"

አየሁት። ግንባሩ ላይ ሽምብራ የምታክል እብጠት። እሱ አገጯን ይዞ ይስቃል። ኮቴን አወለቅኩ፣ ክንዷን ይዤ አስቀመጥኳት።

"አይዞሽ ቦዲል። ያለፈው ማክሰኞ ከእኔም ወድቋል" አልኳት። "ከአልጋ።"

እውነቴን ነው። ለትሮልስ አልነገርኩትም። እዚህ ደብተር ላይ እንኳ አልጻፍኩትም።

ቦዲል ረጅም ተነፈሰች። "በየት በኩል ተመታ?"

"በግራ።"

"የኔ በቀኝ ነው" አለች። "እንግዲያው እኩል ነን።"

ሻይዋን ጠጥታ ሄደች። ነገም አንድ ሰዓት ተኩል ትመጣለች።