ከወይዘሮ ድራኔ ደጃፍ ስለደረሰው ባሕር

ለተከበሩ የባሕር ዳርቻና የጎርፍ መከላከል ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ የተሟላ፣ እግርዎም እንደ ቢሮዎ ምንጣፍ ደረቅ ይሁንልዎ። እኛ የራንዛ መንደር ሰዎች ደኅና ነን፤ የማይደርቀው ጫማችን ብቻ ነው።

አንደኛ፣ በየዓመቱ ባለሙያ እየላኩ አሸዋችን ላይ ቀይ ችካል ስላስተከሉልን እናመሰግናለን። ችካሎቹን ባሕሩ አንድ በአንድ ስለወሰዳቸው፣ ልኬቱን እርሱ ሳይዘው አይቀርም።

ሁለተኛ፣ ለጎረቤቴ ለወይዘሮ ድራኔ ስለጻፉላት ደብዳቤ። ከደጃፏ እስከ ማዕበሉ ዘጠኝ እርምጃ ቀርቷል። ደብዳቤዎም ቤቱን እስከ መጋቢት እንድትለቅ፣ ጉዳቱ ግን «የተፈጥሮ» ስለሆነ ምትክ ቦታ እንደማይሰጣት በሚያምር አጻጻፍ ይገልጻል።

ክቡር ሆይ፣ ተፈጥሮን በሐሰት ባይከሱብኝ ደስ ይለኛል፤ ጥፋተኛው እኔ ነኝና። የቀድሞው መንግሥት በወደቀ በዓመቱ፣ ከድራኔ ቤት ፊት በነበረው የአሸዋ ክምር ላይ የቆሙትን ሦስት የኮንክሪት ምሽጎች ለብረታቸው ብዬ በመዶሻ አፈረስኳቸው። የተሠሩት ጠላት ይመጣል ተብሎ ነበር፤ ጠላቱ ቀረ። አሸዋውን ይዘው ያቆዩት እነርሱ እንደነበሩ የገባኝ ክምሩ በሁለት ክረምት ተንዶ ሲያልቅ ነው። በብረቱ የወይን ዳስ ሠራሁበት። ፈቃዱን የሰጠኝም የእርስዎው ጽሕፈት ቤት ነው፤ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ከዚህ ጋር ተያይዟል።

ድራኔ ይህን አታውቅም። በየእሑዱ የተጠበሰ ዓሣ ታመጣልኛለች። ባለፈው ሳምንት ከዳሱ ሥር ተቀምጣ፣ «አንተ ፓሽክ፣ ባሕሩ እኮ ደጄን ይጠና ጀመር፤ ባሌ ከሞተ ወዲህ እንዲህ የደፈረ ወንድ አላየሁም» ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ፤ ያን ማታም ይህን ደብዳቤ መጻፍ ጀመርኩ።

ስለዚህ በትሕትና የምለምነው፣ «የተፈጥሮ» የሚለውን ሰርዘው «የፓሽክ ዴዳና የጽሕፈት ቤታችን» ብለው እንዲጽፉ ነው። ሰው ላደረሰው ጉዳት ምትክ ቦታ እንደሚሰጥ ደንባችሁን ሦስት ጊዜ አንብቤ ተረድቻለሁ። ቅጣት ካለውም በእኔ ላይ ይጻፍ።

በታላቅ አክብሮትና በእርጥብ ካልሲ፣
ፓሽክ ዴዳ፣ የራንዛው ምሽግ አፍራሽ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ድራኔ ዐይኗ ስለደከመ ደብዳቤዎን ያነበብኩላት እኔ ነኝ። ጨክኜ እንዳለ ማንበብ ስላቃተኝ፣ «ምትክ ቦታ ተፈቅዶልዎታል» ብዬ አነበብኩላት፤ ድስቶቿን ማሸግ ጀምራለች። የዚህ ደብዳቤ ቅጂ መንደሩ ሁሉ እንዲያነበው እሑድ በቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ይለጠፋል። የእኔን ጥፋት ቅዳሜ ራሴ ሄጄ እነግራታለሁ፤ የእርስዎን «አይሰጥም» ግን ለመንገር፣ እባክዎ ጫማዎን አውልቀው እርስዎ ይምጡ።