በሽቦ አጥር ውስጥ እንዲቆይ ስለታዘዘው ነፋስ

ለተከበሩ የአዲሱ በቆሎ ሙከራ ጣቢያ ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን፣ የቤተሰብዎን፣ የዘበኞችዎንና በተለይም በትእዛዝዎ ሥር የሚያድረውን ነፋስ ጤንነት እጠይቃለሁ። እኔ መርካቶ፣ በርበሬ በረንዳ ጥግ ወንፊት እየሸጥኩ፣ ከማስነጠሱ በቀር፣ ደህና ነኝ።

የእህቴ ልጅ ሐመልማል ከጣቢያዎ ማዶ ነጭ በቆሎ ታበቅላለች። ዘሩን በየዓመቱ ከራሷ ማሳ መርጣ ታስቀምጣለች፤ ጎረቤቶቿም ከእሷ ወስደው ይዘራሉ። ዘንድሮ በቆሎዋን ስትልጥ ከነጩ መሀል ጣል ጣል ያለ ቢጫ ፍሬ አገኘች። እርስዎ የሚሞክሩት ዘረመሉ የተለወጠ በቆሎ ደግሞ ቢጫ ነው። ብትጠይቅዎ የነፋሱ አቅጣጫ የተጠና መሆኑን፣ አጥርም መኖሩን፣ ምናልባት እሷው ዘር ቀላቅላ እንደሆነ በማኅተም አረጋገጡላት። ስለዚህ ምስጋናዬን በቁጥር ላቅርብ።

፩. ስለ አጥሩ። ልጠይቃት ስሄድ አየሁት፤ ወንፊት ሻጭ ነኝና ቀዳዳ ያለው ነገር አይቼ ዝም ብዬ አላልፍም። ሽቦው ላም በደንብ ያስቀራል። የአበባ ብናኝ ግን ቀንድ የለውም።

፪. ዘበኛዎ መታወቂያ ጠይቀው መለሱኝ። ነፋሱን ሲገባም ሲወጣም አልፈተሹትም፤ የሚያውቁት ሰው ይመስላል።

፫. በቆሎዎ ለሐመልማል በቆሎ ሽማግሌ ሳይልክ ልጅ ወልዷል። ልጆቹ ቁርጥ አባታቸውን ሆነው ሳለ የተወቀሰችው እናትየዋ ናት።

፬. በእኛ ሰፈር በርበሬ ሻጩ ጥጋቡ በርበሬ ሊነፋ ሲል፣ ከመንገዱ ማዶ ነጭ ጨርቅ ወደሚሸጡት ሴትዮ ዞሮ «እትዬ ሐጀራ፣ ይሸፍኑ!» ብሎ ይጮኻል። እሳቸውም እየረገሙት ይሸፍናሉ። ጥናታችን ይኸው ነው። እርስዎ ግን በቆሎዎ ሊያብብ ሲል አንድ ቀን እንኳ አልጮኹላትም። ገና ሳይዘሩ ቀድመው ቢነግሯት የመዝሪያ ጊዜዋን ታራርቅ፣ አበባና አበባ ሳይገናኙ ያልፉ ነበር።

አሁን የሐመልማልን ዘር የሚወስድ ጎረቤት የለም፤ እሷም ልትዘራው ፈርታለች። ክረምቱ ሳይገባ ንጹሕ ነጭ ዘር ይፈልጉላት፤ ቀላቅላለች ያሉበትንም ደብዳቤ ይሰርዙ። ያን ጊዜ ምስጋናዬ የምር ይሆናል።

ነፋስ እንኳ ለሚታዘዝዎ ለእርስዎ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እጅ የምነሳ፣

ይመር
የወንፊት ነጋዴ፣ የሐመልማል አጎት

ግልባጭ፦
ለነፋስ
ባለበት

ማሳሰቢያ፦ ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት ከጥጋቡ ሱቅ ትይዩ ተቀምጬ ነው። ሲከፍቱት ቢያስነጥስዎ በርበሬ ነው ብለው እንዳይጠረጥሩ፤ በመሀላችን ገመድ ተወጥሯል፣ የነፋሱም አቅጣጫ ተጠንቷል። ምናልባት እርስዎው ቀላቅለው ይሆናል።