የማንታ ዕንቁላል

ግንቦት 9
ሰይፈሥላሴ ጽሑፌን ሰረቀ። ከስርቆት ሌላ ስም የለውም። የሰፈራችን ንባብ ቤት ኃላፊ ነው፤ ላንብበውና እመልሳለሁ ብሎ ደብተሬን ወሰደ። ዛሬ በሩ ላይ ማስታወቂያ ለጥፏል። ግንቦት 28፣ የአካባቢ ቀን፣ «ማንታና ቆርኬ፦ ሊጠፉ የተቃረቡ ሁለት እንስሳት»። አቅራቢ፦ ሰይፈሥላሴ። ርዕሱን እንኳ አልቀየረም።

ከፋብሪካው ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሁለት ዓመት የለፋሁበት... እንግሊዝኛውን በመዝገበ ቃላት እየፈታሁ። ቆርኬን፣ ያቺን ቀንዳም የሜዳ አውሬ፣ ሰንቀሌ መጠለያ ድረስ ሄጄ አይቻታለሁ። ማንታን፣ ያቺን እንደ ጋቢ የተዘረጋች የባሕር ዓሣ፣ በሥዕል ብቻ። አንዷን ለስንጥቧ፣ በውሃ ውስጥ ለምትተነፍስበት አካል፣ ሲሉ ያጠምዷታል፤ አንዷን ግጦሿን ያርሱባታል።

ባለቤቴ የሺሐረግ ሄደህ ጠይቀው አለች። የራሴን ልለምን?

ግንቦት 17
ስህተት አገኘሁ። የራሴን።

ቆርኬ አንድ ጥጃ ትወልዳለች፤ ማንታ ግን ዓሣ ናትና ሺህ ዕንቁላል ትጥላለች፤ ስለዚህ ባሕሩ ይተካል፣ ሜዳው አይተካም ብዬ ነበር የደመደምኩት። ዛሬ ሌላ መጽሐፍ ላይ... ማንታ ዕንቁላል አትጥልም። ዓመት ያህል አርግዛ አንድ ትወልዳለች፤ ያውም በየጥቂት ዓመቱ። ከቆርኬም የባሰባት እሷ ናት።

ተናደድኩ። ከዚያ ሳቅሁ። አሁን ስህተቱ የማን ነው? ያንብበዋ!

ግንቦት 24
ሰይፈሥላሴን ታክሲ ተራ አገኘሁት። ዓይኔን አላየኝም።
«ጋሽ አሻግሬ... ጽሑፉ ላይ የሚስተካከል ነገር ይኖር ይሆን?»
«የለም» አልኩት።

ግንቦት 27
ኮቴን አስተኮስኩ። ፊት ወንበር ላይ ነው የምቀመጠው።

ግንቦት 28
አዳራሹ ሞልቷል። ሺህ ዕንቁላል ሲል የባዮሎጂ መምህርቷ ኢፍቱ እጇን አወጣች። ማንታ ዕንቁላል አትጥልም፣ ከየት አመጣኸው አለችው። ተማሪዎች ሳቁ። ሰይፈሥላሴ ላብ በላብ ሆነ። ይበለው አልኩ በልቤ።

ወደ እኔ ጠቆመ።
«ጽሑፉ የጋሽ አሻግሬ ነው። እሳቸው ይመልሱ።»

ሰው ሁሉ ዞረ። አይደለም ማለት እችል ነበር... ተነሣሁ።
«የኔ ነው። ማንታ አንድ ነው የምትወልደው። ካወቅሁ አሥራ አንድ ቀኔ ነው።»
«ታዲያ ጋሼ፣ እያወቁ ለምን ዝም አሉ?» አለች ኢፍቱ።

በቁጣ አይደለም የጠየቀችኝ። ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ተቀመጥኩ።

ግንቦት 30
ሰይፈሥላሴ ደብተሬን በር ላይ ለየሺሐረግ ሰጥቷት ሄደ። ይቅርታ በይልኝ ብሏል። እኔ ግን ይቅርታ አላልኩትም። አልለውምም።

ዕንቁላሉን ሰረዝኩ። ከሥሩ «ሁለቱም አንድ አንድ» ብዬ ጻፍኩ።

አዳራሽ ውስጥ ምን ተባለ ትለኛለች የሺሐረግ። ይህን ነገር ከእንግዲህ አላነሣም። ለእሷም፣ እዚህ ላይም።