ወደ ኋላ ብቻ ስለምትሄደው ቮልስዎ

ቅዳሜ ኅዳር 16 ቀን 1976 ዓ.ም.
ናዝሬት

ለተከበሩ ጓድ ኃይለየሱስ አስፋው
የቀበሌያችን ሊቀመንበር

ጓድ ሊቀመንበር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን፣ የባለቤትዎንና የልጆችዎን ጤንነት፣ በተለይም ባለፈው ቅዳሜ በአባቴ ቬስፓ ፖስታ ቤቱን ሲያልፉ ነፋስ የመታውን ደረትዎን እጠይቃለሁ። እኔ ደኅና ነኝ። እናቴ ወይዘሮ ዘውድነሽም፣ ለእርስዎ ምስጋና ይድረስና የትም ሳትሄድ ስለከረመች በጣም ዐርፋለች።

ደብዳቤዬን በአደባባይ ማድረጌ ለብቻዎ የጻፍኳቸው ማመልከቻዎች ጠረጴዛዎ ላይ ተኝተው ስለቀሩና እንቅልፋቸውን መረበሽ ነውር መስሎ ስለታየኝ ነው። አላፊ አግዳሚው እንዳይቸገር ነገሩን ከመነሻው ላስታውስ። እኔ ሳምንቱን ዝዋይ ፊዚክስ የማስተምር፣ ቅዳሜና እሑድ ናዝሬት እናቴ ዘንድ የምመጣ ሰው ነኝ። እናቴ ጉልበቷን ስለሚያማት ወደ አቦምሳ የሚሄደው ጭነት መኪና ላይ መውጣት አትችልም፤ አባቴ ትቶልን በሞተው ቬስፓ ደግሞ "እኔ ባልቴት ነኝ እንጂ ፖስተኛ አይደለሁም" ብላ አትሳፈርም። እዚያ ያለችውን ታላቅ እህቷን በሕይወት ሳለች እንድታያት የቀረን መንገድ መኪና ብቻ ነበር። እንግዲህ በዚህ ጊዜ ነው ጋዜጣ ላይ "በአንድ ሰው እጅ የቆየች፣ ብዙ ያልሠራች ቮልስ በሞተር ብስክሌት ትለወጣለች" የሚለውን ማስታወቂያዎን ያየሁት። ከዝዋይ ስልክ ብደውል "እንደ ዓይኔ ብሌን የጠበቅኋት ናት፤ ለሌላ ሰው አልሰጣትም ነበር" አሉኝ። ሌላ ሰው ለምን እንዳልወሰዳት ግን መጠየቅ አልመጣልኝም።

አቤቱታዬን በቁጥር አቀርባለሁ፤ ቁጥር እንደሚወዱ ከስብሰባዎቻችን ተምሬአለሁ።

1ኛ. ቅዳሜም ሆነ በሥራ ቀን መጥቼ ልያት ባልኩ ቁጥር ስብሰባ እንዳለብዎ እየገለጹ እሑድን ብቻ ስለሰጡኝ አመሰግናለሁ። ነዳጅ ለመቆጠብ ሲባል እሑድ የግል መኪና እንደማይነዳ አገር ያውቃል። እርስዎም የሞተሩን ክዳን ከፍተው፣ አስነስተው፣ "ስሚው፣ እንደ ንብ ነው የሚለው" ካሉኝ በኋላ፣ እስከ መንገዱ ጥግ ደርሼ ልመለስ ብልዎ "የኔ እመቤት፣ ሕግ እኔ ጋ ይጣስ?" አሉኝ። ቬስፓዋን ያስረከብኩዎም በእሑድ ነው። ሕጉ እንዳይነካ ሲሉ መኪናዋን በቀበሌው ጥበቃዎች አስገፍተው እስከ በራችን ላኩልኝ። እኔም ለእናቴ "እንዲህ ያለ ሕግ አክባሪ አይቼ አላውቅም" ብዬ መሰከርኩ። እናቴ "ፈረስ የሚገዛ ሰው ሲያኝክ አይደለም የሚያየው፣ ሲሄድ ነው" ብላኝ ነበር። ዲግሪ ያለኝ እኔ ስለሆንኩ አልሰማኋትም።

2ኛ. ሰኞ ጠዋት ወደ ዝዋይ ልመለስባት ብዬ አንደኛ ማርሽ ባስገባ ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናዋ ትቆማለች፤ ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም፣ አራተኛውም እንዲሁ። የኋላ ማርሽ ሳስገባ ግን እንደ ፍየል ግልገል ዘልላ የጎረቤታችንን የወይዘሮ ሰሊማን የልብስ ገመድ ከነልብሱ ይዛ ሄደች። ወይዘሮ ሰሊማ አንሶላዋን ከመኪናዋ ላይ እየገፈፈች "አንቺ ልጅ፣ የለወጥሽው መኪና ነው በቅሎ?" ስትለኝ ጥያቄውን ወደሚመለከተው ክፍል፣ ማለትም ወደ እርስዎ፣ አስተላልፌዋለሁ።

ያሳየሁት መካኒክ ደግሞ ገና ከሩቅ ሲያያት ሳቀ። ባለፈው ዓመት የማርሽ ካምቢዮዋ ተሰብሮ ወስደውለት እንደነበርና፣ ሥራው ከባድ እንደሆነ ሲነግርዎ "ተዋት፣ የምትለወጥ ናት" እንዳሉት አጫወተኝ። የመካኒኩን ስም አልጽፍም፤ ደግ ሰው ነው፣ ስብሰባ እንዲበዛበት አልፈልግም።

3ኛ. በጥበቃው በአቶ ቡዜ በኩል "ሴት ልጅ ማርሽ ካልገባት መኪናዋ ምን ታድርግ" የሚል መልስ ስለላኩልኝ፣ መንጃ ፈቃድ የሰጡኝ ፈታኞች ይህን ሳያውቁ ስላሳለፉኝ በእነርሱ ፈንታ አፍራለሁ። ወደ ፍርድ ሸንጎው ብሄድ፣ አማችዎ የሆኑት ሰብሳቢ "ወንድ ይዘሽ ነይ" አሉኝ። ቬስፓዬን እርስዎ ሲረከቡኝ ወንድ ይዘሽ ነይ ያለኝ እንዳልነበረ ባስታውሳቸው "ነገር አታብዢ" ብለው አሰናበቱኝ። እነሆ አበዛሁ።

አራተኛው አቤቱታ አይደለም፣ ሪፖርት ነው። ዛሬ ከሰዓት በኋላ፣ ቀበሌው ከተዘጋ ወዲህ፣ መኪናዎን በምታውቀው ብቸኛ አቅጣጫ ነድቼ መልሻለሁ። እናቴ "ለእህቴ ባትሆነኝ ለዚህ ትሁነኝ" ብላ ከጎኔ ተቀመጠች። እኔ አንገቴን አዙሬ ስነዳ፣ እሷ ፊት ለፊት እያየች ወደ ኋላ የምንተዋቸውን ጎረቤቶች በእጇ ትሰናበት ነበር። አንድ ጋሪ ነጂ ፈቅዶ ቀደመንና "ከራ፣ ከራ፤ መኪና እየመጣች ነው" እያለ መንገድ አስለቀቀልን። ባቡር ጣቢያው አጠገብ ሌላው ጋሪ ነጂ "እየመጣች ነው ወይስ እየሄደች?" ብሎ ቢጠይቀው "እሱን ሊቀመንበሩን ጠይቅ" አለው። ከተማው እንዲህ ሲስቅ ካየሁ ቆይቻለሁ፤ ለዚህም ምስጋናው የእርስዎ ነው።

አሁን ቮልስዎ "ጉዟችን ወደፊት ብቻ ነው" ከሚለው ቀይ ጨርቅ ሥር፣ ወደ ውጭ በሚከፈተው በቀበሌው ትልቅ በር ላይ ኋላዋን አስደግፋ ቆማለች። ማርሿ ገብቷል፣ የእጅ ፍሬኗ ተይዟል፣ በሮቿ ተቆልፈዋል፤ ይህ ደብዳቤም ፊት መስታወቷ ላይ ተለጥፏል። ሰው በትንሿ በር ይገባል፣ ይወጣል። የኅብረት ሱቁ በር በሌላ በኩል ስለሆነ የማንም ስኳር አይስተጓጎልም። መውጣት የማትችለው እርስዎ ግቢው ውስጥ የሚያሳድሯት የአባቴ ቬስፓ ብቻ ናት።

የምፈልገውም እሷኑ ነው። በአጥሩ ላይ አሻግረው ሲያቀብሉኝ የመኪናዎን ቁልፍ በዚያው አጥር ላይ አሻግሬ አቀብልዎታለሁ። ሊያሳስሩኝ እንደሚችሉ አውቃለሁ። ካሳሰሩኝ ጥፋቴ በትክክል እንዲጻፍልኝ አደራ እላለሁ፤ "መኪናዬን መልሳልኛለች" ተብሎ።

ቮልስዎ ካምቢዮዋ ተጠግኖ አንድ እርምጃ ወደፊት እስክትራመድ ድረስ፣ ለእርስዎ ያለኝ አክብሮት እንደ መኪናዎ ከቆመበት ንቅንቅ አይልም።

ሙሉብርሃን ንዋይ
የፊዚክስ መምህርት፣ ባለ መንጃ ፈቃድ

ግልባጭ፦
ለፍርድ ሸንጎው ሰብሳቢ፣ ወንድ ይዘው እንዲያነቡት፤
ለወይዘሮ ሰሊማ፣ ከአንሶላዋ ጋር።

ድኅረ ጽሑፍ፦ ነገ ጠዋት የአውራጃው እንግዶች ለስብሰባ ስለሚመጡ መኪናዋ ከበሩ ላይ እንድትነሣ ይፈልጉ ይሆናል። በጣም አዝናለሁ፤ ነገ እሑድ ነው። ሕግ ደግሞ እርስዎ ጋ አይጣስም።